የወለተሰንበት እንሰት

መምህር ወልደአማኑኤል የእርሻ ምዕራፍ ላይ ሲደርስ ሌላ ሰው ይሆናል። ወንዞችንና ተራሮችን ሲያስተምር በመስኮቱ የልደታን ቆርቆሮ ጣሪያ እያየ በአንድ ድምፅ የሚያነበንብ ሰውዬ፣ እርሻ ሲመጣ እጅጌውን ይሰበስባል፣ ጠመኔ ይሰብራል፣ ከሰሌዳው እስከ ኋላ ወንበር ይመላለሳል። ያየው ሁሉ ትናንት ከማሳ የተመለሰ ይመስለዋል። እውነቱን እንናገር ካልን ግን ዶማ ይዞ አያውቅም ማለት ይቀላል። ገና የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ አጎቱ ከጉራጌ አገር አምጥቶት፣ አብነት ውስጥ በአጎቱ ሱቅ ባንኮኒ ሥር ነው ያደገው። ስለ እርሻ ከሚያውቀው ግማሹን ከመጽሐፍ፣ ግማሹን ደግሞ ለመስቀል አገር ቤት ሲወርድ ከአባቱ አፍ ነው የለቀመው።

ተማሪዎቹ ከእሱም ይብሳሉ። የዐሥረኛ «ለ» ልጆች የሜካኒክ፣ የልብስ ሰፊ፣ የባለሱቅና የመንግሥት ሠራተኛ ልጆች ናቸው፤ አስፋልት ላይ ኳስ እየጠለዙ ያደጉ። አንድ ቀን ጤፍ ከየት ይመጣል ብሎ ቢጠይቃቸው ከኋላ ወንበር «ከቀበሌ ሱቅ» የሚል መልስ መጣ። ክፍሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ይሁን እንጂ ዘመኑ 1979 ነበርና መልሱ ስህተት መሆኑን ማስረዳት እንዳሰበው አልቀለለውም።

የመማሪያ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ነው። ሥዕሎቹም የሌላ አገር ናቸው፤ አንዱ ላይ ባርኔጣ ያጠለቁ ሰዎች ውሃ ውስጥ ቆመው ሩዝ ይተክላሉ፣ ሌላው ላይ ቤት የሚያህል ማሽን ስንዴ ያጭዳል። ወልደአማኑኤል መጽሐፉን ይዘጋና የአገሩን ይጽፋል። በበሬ የሚታረሰውን የእህል እርሻ፣ በደቡብ ያለውን የእንሰት እርሻ፣ ጫካ እየመነጠሩ የሚዘዋወሩትን፣ ከብት እየነዱ ውሃና ሣር የሚከተሉትን። ከዚያ በታች ግብርናን የሚወስኑትን ነገሮች ይደረድራል፤ ዝናቡን፣ አፈሩን፣ የመሬቱን አቀማመጥ፣ የሰው ጉልበትን፣ ገበያውን፣ መንገዱን። የመጨረሻው «የመንግሥት ፖሊሲ» የሚል ነው። እዚያ ሲደርስ ሰዓቱን ያይና ደወል ሊደወል ስለሆነ ይህንን ራሳችሁ አንብቡት ይላል። ደወሉ ገና ሩብ ሰዓት ቢቀረውም።

በታኅሣሥ ወር አባቱ አቶ ገብረጊዮርጊስ ከአገር ቤት መጡ። ሊቀበላቸው አውቶቡስ ተራ ሲወርድ፣ በደረቀ ኮባ ተጠቅልሎ በጆንያ የታሰረ የሕፃን ልጅ ራስ የሚበልጥ ነገር ትከሻቸው ላይ አስቀምጠው ቆመው አገኛቸው። ልሸከምልዎት ቢል እምቢ አሉት። እስከ አብነት ድረስ በእግራቸው ሄዱ፤ አንድም ጊዜ ከትከሻቸው አላወረዱትም። ቤት ሲደርሱ ባለቤቱ ጠጅቱ ጆንያውን ከፍታ ብታይ የእንሰት ሥር ነው፤ አሚቾ የሚባለው፣ ተቀቅሎ የሚበላው። አባባ ስጦታ ይዘውልን መጡ ብላ ድስት ፍለጋ ተነሣች።

«ይህ አይበላም፣ ልጄ» አሏት። ከዚያ ተቀምጠው የመጡበትን ነገር ነገሯቸው።

ባለፈው በጋ መንደራቸው ተነሥቷል። መንደር ምሥረታ ተብሎ ሁሉም ቤቱን እንዲያፈርስ፣ ማገሩንና ወራጁን ተሸክሞ መኪና መንገድ ዳር ባለው ሜዳ ላይ በመስመር እንዲሠራ ታዘዘ። ቤቱ ሄደ፤ እንሰቱ ግን በድሮው ግቢ ቀረ። እንሰት ደግሞ የቤት ልጅ ነው። ከጓሮ ካልሆነ፣ በየማለዳው ከበረቱ የወጣ አዛባ ካልወደቀለት፣ ሰው አጠገቡ ካላደረ አይሆንም። ጠባቂ የሌለውን ጓሮ ጃርትና ከርከሮ አንድ በአንድ ገለበጡት። ወደዚያ መመላለስም ሥራ ማስፈታት ነው ተብሎ ተከለከለ።

ከጓሮው ተክል መካከል አንድ ዘር ነበር። የወልደአማኑኤል እናት ወለተሰንበት በሙሽርነቷ ከአባቷ ቤት ይዛው የመጣችው ነው። ለአራስ ይሰጣል፣ አጥንቱ ለተሰበረ ይሰጣል፤ ፍሬንዱ፣ የቅጠሉ የመሐል አጥንት፣ ከሌላው ቀላ ይላል። በዚያ አካባቢ በሌላ ሰው ቤት ስለማይገኝ ሰው ሁሉ በስሟ የወለተሰንበት እንሰት ይለዋል። እሷ ከሞተች ቆይታለች። ባሏ ከዚያ ዘር ሁለቱን ሥሮች ወስደው በአዲሱ መንደር ቀበሩ፤ ሁለቱንም ምስጥ በላቸው። የቀረው አንድ ብቻ ነበር፤ ከርከሮ ሳይቀድማቸው እሱን ነቅለው አመጡ።

«የአዲስ አበባ አፈር ምስጥ የለውም ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ አባቱ። «እዚህ ይያዝልኝ። ክረምት ሲገባ ችግኙን ይዤ እሄዳለሁ። ለየቤቱ አድላለሁ። ከብዙው አንዱ ቢይዝ ይበቃኛል።»

ወልደአማኑኤል እሺ አለ። አባቱ ከዚህ በፊት አንድም ነገር ጠይቀውት አያውቁም። እናቱን የቀበረ ጊዜ እንኳ ፈተና አለብህ፣ ቶሎ ሂድ ብለው የላኩት ሰው ናቸው። አሁን ሲያያቸው ከስተዋል፤ የሚያወሩትም ስለዚያ ሥር ብቻ ነው። ከእሱ ሌላ ወደ አገራቸው የሚመለሱበት ምክንያት የሌላቸው መሰለው፤ ፈራም።

ችግሩ ቦታ ነው። የቀበሌ ቤታቸው ግቢ የአራት ቤተሰብ ነው፤ ሲሚንቶ፣ የውሃ ቦይና የጋራ ሽንት ቤት። አንድ ስንዝር አፈር የለውም። ያሰበው ትምህርት ቤቱን ነው። በአረንጓዴ ዘመቻ እያንዳንዱ ክፍል ከግቢው በስተጀርባ የአትክልት መደብ ተሰጥቶታል፤ የዐሥረኛ «ለ» ከአጥሩ ሥር ያለው ነው። የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ እሱ ራሱ ነው።

እሑድ ከልደታ ቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለቱም ወደዚያ ሄዱ። ዘበኛው ሁመድ በሩን ከፈተላቸው። አባቱ ጋቢያቸውን አጣጥፈው ድንጋይ ላይ አስቀመጡና ጎንበስ አሉ። የሥሩን ልብ በቢላዋ ቦርቡረው አወጡት፣ ላም ከሚያረባ ጎረቤት ያመጡትን አዛባ ጠቀጠቁበት፣ ጉድጓዱን ቆፍረው አስቀመጡት፣ አፈር መለሱበት፣ ደረቅ ቅጠልም በላዩ በተኑ። እናቲቱ ውስጧ ተቦርቡሮ ትበሰብሳለች፣ ልጆቿ ዙሪያዋን ይወጣሉ፣ ከአንዷ ብዙ ይገኛል እያሉ ያስረዱታል። ወልደአማኑኤል ይህንን መጽሐፍ ላይ አንብቦት አያውቅም። አባቱ አፈሩን በመዳፋቸው መታ መታ ሲያደርጉ ግን ሕፃን የሚያስተኙ መሰለው።

«ለልጆቹ ንገራቸው» አሉ ሲነሡ። «እንዳይረግጡት። እንዳይቆፍሩት።»

እነግራቸዋለሁ አለ።

ሊነግራቸው አስቦም ነበር። በሚቀጥለው ቀን ከክፍል ገብቶ አፉን ከፍቶ ነበር። ያኔ የታሪክ መምህሩ ጴጥሮስ ትዝ አለው። ጴጥሮስ ባለፈው ዓመት በመምህራኑ የውይይት ክበብ ላይ እጁን አውጥቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፤ አዲሶቹ መንደሮች ውሃ ያለበት ቦታ ላይ ነው የሚሠሩት ወይ አለ። ማንም አልቆጣውም። ጥሩ ጥያቄ ነው እንኳ ተብሎ ተመዝግቧል። ወሩ ሳይሞላ ግን ጓዙን ጠቅልሎ ጠረፍ ላይ ወዳለ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ዝውውሩ የተለመደ ነው ተባለ።

እና ወልደአማኑኤል አሰበ። ይህ የእንሰት ሥር ነው ቢላቸው ልጆች ናቸውና ለምን እዚህ ተቀበረ ይሉታል። አባቴ አመጡት ቢል ለምን አገራቸው አልተከሉትም ይላሉ። ከዚያ የሚመጣው መልስ አንድ ብቻ ነው፤ ያንን መልስ የአርባ ሰው ልጅ ለየእናት አባቱ ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ ዘወር ያለ ነገር ተናገረ። አፈር ማረፍ ያስፈልገዋል፣ የእኛ መደብ በዚህ ወቅት ጦሙን ያድራል፣ አትንኩት አላቸው። ውሸትም አይደለም፤ መሬት ማሳረፍ እዚያው ምዕራፍ ውስጥ አለ። ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉት።

ማታ አባቱ ነገርካቸው ወይ ብለው ጠየቁት።

«ነግሬያቸዋለሁ» አለ።

አባቱ ለሕክምና የመጡ እንግዳ ተብለው ቀበሌ ተመዘገቡና ከረሙ። በየሳምንቱ እሑድ ወደ ትምህርት ቤቱ ይሄዳሉ። መደቡ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው አፈሩን ያያሉ። አይነኩትም። አፈር ለብሶ ዝም ካለ ደህና ነው ይላሉ። ከሁመድ ጋር ስለ ዝናብ ያወራሉ፣ ይመለሳሉ። ጠጅቱ እንደምትለው ከዚያ የተመለሱ ቀን ራታቸውን ይጨርሳሉ።

በመጋቢት ወልደአማኑኤል የእንሰትን እርሻ አስተማረ። የዚያን ዕለት ተማሪዎቹ ራሳቸው ተገረሙ። ቆጮን ሁሉም በልቶታል፣ ኮባንም የዳቦ መጋገሪያ ሆኖ ሁሉም አይቶታል፤ ሁለቱ ከአንድ ተክል እንደሚገኙ የሚያውቅ ግን ከሁለት ሰው በላይ አልተገኘም። እንሰት ዝናብ ቢቀርም እንደሚቆም፣ በትንሽ መሬት ብዙ ሰው እንደሚመግብ፣ ለመድረስ ዓመታት እንደሚፈጅ ነገራቸው። ለምን ሁልጊዜ ከቤት ጓሮ እንደሚተከልም አብራራ፤ ስለ አዛባው፣ ስለ ጥበቃው፣ ሌት ተቀን ስለማይለየው የሰው እጅ። አመድም ለአፈር ጥሩ ነው፣ የምድጃውን አመድ ሴቶቹ ጓሮ ይደፉታል አለ። ልቡ ሞቆ ነበር። የአባቱን ቃል በአባቱ ድምፅ እየተናገረ መሆኑ ተሰማው።

አያንቱ እጇን አወጣች። አያንቱ የክፍሉ አለቃና የወጣቶች ማኅበሩ ተጠሪ ናት፤ አባቷ ሜክሲኮ አካባቢ ካለ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ያልገባትን ነገር ሳትጠይቅ አታልፍም፣ የገባትን ነገር ደግሞ ሳትሠራ አታድርም። ከመምህራኑ ሁሉ እሱን እንደምትወድ ግቢው ያውቃል።

«ቲቸር፣ እንሰቱ ከቤቱ መለየት ካልቻለ፣ ቤቱ ወደ ሌላ ቦታ የሄደ ሰው እንሰቱ ምን ይሆናል?»

ጥያቄዋ ንጹሕ ነው፤ እንደ ጴጥሮስ ጥያቄ።

«ለፈተና አይመጣም» አላት። «ተቀመጪ።»

የበልግ ዝናብ ሁለት ሦስቴ መታ መታ አደረገ። አባቱ ደስ አላቸው፤ አሁን ከውስጥ እየገፋ ነው አሉ። ለፋሲካ ትምህርት ቤት ሊዘጋ ጥቂት ቀን ሲቀረው ደግሞ ዳይሬክተሩ ጓድ ፈቃደ መምህራኑን ሰበሰበ። ለሠራተኞች ቀን ከከፍተኛው አስተዳደር ጎብኚዎች ይመጣሉ፣ ጦሙን የሚያድር መደብ እንዳይኖር የሚል መመሪያ አነበበ። ፈቃደ ክፉ ሰው አይደለም። ከስብሰባው በኋላ ኮሪደር ላይ ወልደአማኑኤልን ክንዱን ይዞ፣ ያንተን መደብ አየሁት፣ ባዶ ነው፣ ለራስህ ብዬ ነው አለው። ወልደአማኑኤል ከበዓሉ ስመለስ አስተካክለዋለሁ ብሎ መለሰ። በልቡ የያዘው ሌላ ነበር። ከፋሲካ በኋላ ቡቃያው ብቅ ይላል፣ ያኔ የኮባ ተክል ነው ብዬ አሳልፈዋለሁ፣ ማንም ከየት መጣ አይለኝም ብሎ አስቦ ነበር። ሁለት ሳምንት ብቻ መቆየት ነው የፈለገው።

ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ጾሙ ተፈታ። አቶ ገብረጊዮርጊስ ዶሮውን በወጉ በሉ፣ ከጎረቤት ጋር ተጫወቱ፣ የአገራቸውን ሰዎች ቤት እየዞሩ እንኳን አደረሳችሁ አሉ። ለየሄዱበት ቤት ሁሉ ክረምት ላይ ችግኝ ይዤ እመለሳለሁ ይላሉ። ልጃቸው እንደዚያ ሲስቁ ካያቸው ዘመን አልፎት ነበር።

ትምህርት በተከፈተበት ሰኞ፣ የፋሲካን እሑድ በበዓሉ፣ ተከታዩን በዝናብ ምክንያት ስላለፉት፣ አባቱ ከልጃቸው ጋር በማለዳ ተነሡ። ቡቃያውን ዛሬ አያለሁ ብለው ጋቢያቸውን አሳጥበው ነበር። በዕረፍቱ ሳምንታት ሥራ ላይ ያልነበረው ሁመድ በሩ ላይ ሰላም አላቸው። ከግቢው በስተጀርባ ዞሩ።

መደቡ ላይ ቆስጣ ተተክሏል። በገመድ ተለክቶ፣ ቀጥ ባለ መስመር፣ ከዳር እስከ ዳር። አፈሩ ተልሞ ተከስክሶ ዱቄት መስሏል፤ በላዩ ግራጫ አመድ ተነስንሷል። አባቱ ቆሙ። መጀመሪያ ቦታው የጠፋባቸው መስሏቸው ወደ ጎረቤት መደብ አዩ። ከዚያ ወደ ድንጋያቸው አዩ። ድንጋዩ እዚያው ነው።

አያንቱ ከክፍል በኩል እየሮጠች መጣች። እጇ ላይ የዶማ ቁስል አለ፤ ፊቷ ግን በርቷል።

«ይኸው ቲቸር፣ ከእንግዲህ ማንም አይናገርዎትም» አለች።

ነገሩን በአንድ ትንፋሽ ነገረችው። በወጣቶች ማኅበሩ ስብሰባ ላይ የዐሥረኛ «ለ» መደብ ኋላ ቀር ተብሎ ስሙ ተጠራ፤ የክፍሉ ኃላፊም ይጠየቃል ተባለ። እሷ አንገቷን ደፋች። ትምህርት በተዘጋ ማግስት የሚመጡትን ልጆች ሰበሰበች፣ ከየቤታቸው ዶማና አካፋ አመጡ። በደንብ ነው የቆፈሩት፣ እስከ ጉልበት። ከአጥሩ ሥር አንድ የበሰበሰ ጉቶ ዶማውን አላሳልፍ አላቸው። አውጥተው ከታተፉት፣ ፀሐይ ላይ አሰጡት፣ ሲደርቅ ከቅጠል ጋር አቃጠሉት። አመዱንም መደቡ ላይ በተኑት።

«አመድ ለአፈር ጥሩ ነው ብለው ባስተማሩን መሠረት» አለች።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ወልደአማኑኤል ያላስተማራት ወይም እሱ ያልደበቃት አንድም ነገር የለም። አባቱ ግን ወደ ልጅቷ ጠጋ አሉ።

«ጉቶው ላይ የበቀለ ነገር አይተሻል፣ ልጄ?»

«ነጫጭ ነገር ነበረው፣ አባባ። ጣት የሚያህል። መጀመሪያ ትል መስሎን ፈርተን ነበር።»

«በአንድ በኩል ነው ወይስ ዙሪያውን?»

«ዙሪያውን» አለች። «ብዙ ነበር።»

«ይዞ ነበር» አሉ አቶ ገብረጊዮርጊስ። ለማንም አልተናገሩትም። ጎንበስ ብለው ከአመዱ ቆንጠር አድርገው በጣታቸው አሹት፣ መልሰውም እዚያው በተኑት። ልጅቷ አሁን ፈገግታዋ ጎድሎ አንዴ እሳቸውን አንዴ መምህሯን ታያለች። አባቱ ይህንን አዩ።

«ቁፋሮሽ ጥሩ ነው» አሏት። «እጅሽ ይባረክ።»

ደወል ተደወለ። አያንቱ ወደ ሰልፉ ሄደች። ወልደአማኑኤል አባቱን እስከ በሩ ሸኘ፤ ትምህርቱን ትቶ ሊከተላቸው ፈልጎ ነበር፣ ፈርሞ የገባ መምህር ግን መውጣት አይችልም። ሲወጡ ድንጋዩ ላይ ያኖሩትን ጋቢ ረስተውት ሁመድ ሮጦ አቀበላቸው።

ማታ ሲመለስ ጠጅቱ ቀኑን ሙሉ አልቀመሱም አለችው። አባቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል።

«ነግሬያቸዋለሁ ብለኸኝ ነበር» አሉት።

ብዙ ነገር ሊል አስቦ መጥቶ ነበር። ስለ ውይይት ክበቡ፣ ስለ ጴጥሮስ፣ ስለ መመሪያው። ከአፉ የወጣው ግን አንድ ቃል ነው።

«ፈራሁ፣ አባባ።»

ቁጣ ጠብቆ ነበር፤ ቁጣ ቢመጣ ደስ ባለው።

«እኔም ፈርቼ ነው ቤቴን በገዛ እጄ ያፈረስኩት» አሉ። «አልፈርድብህም።»

ይህ ከእርግማን ይልቅ አመመው። ዞር ብሎ ፊቱን ታጠበ፤ ጠጅቱ ሳሙና እያቀበለች ወደ ሌላ አየች።

በዚያው ሳምንት አባቱ ሊሄዱ ተነሡ። ክረምቱ እስኪገባ ይቆዩ፣ ሐኪም ቤት ላሳይዎት ብሎ ለመነ። ምን ልሠራ አሉት። አውቶቡስ ተራ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። የመጡበትን ጆንያ አጣጥፈው ብብታቸው ሥር ይዘውታል፤ ባዶውን ምን ያደርግልዎታል ቢላቸው ጆንያ መቼም ይጠቅማል አሉ። አውቶቡሱ ሊነሣ ሲል በመስኮቱ ጎንበስ ብለው እጁን ያዙት።

«ለዚያች ልጅ ንገራት» አሉ። «ልትወቅሳት አይደለም። የወለተሰንበት እንሰት የሚባል ነገር ነበር፣ ለአራስ ይሆናል፣ ለተሰበረ ይሆናል፣ ፍሬንዱ ቀላ ይላል፣ ከልቡ ቦርቡረው አዛባ ጠቅጥቀው ነው የሚቀብሩት ብለህ ንገራት። እኔ ከሄድኩ የሚያውቀው የለም። አንተ አትናገርም፤ እሷ ትናገር ይሆናል። ጠያቂ ናት።»

«እነግራታለሁ፣ አባባ።»

አባቱ ትንሽ አዩት። ይህንን ቃል ከዚህ በፊት ሰምተውት ነበር። እጁን ለቀቁት፤ አውቶቡሱ ሄደ።

በሠራተኞች ቀን ጎብኚዎቹ መጡ። ቆስጣው ቀና ቀና ብሎ ነበር። ከጎብኚዎቹ አንዱ መደቡ ፊት ቆሞ የከተማ ወጣት ከአፈር ጋር ሲታረቅ እንዲህ ነው ብሎ ተናገረ፤ ተጨበጨበ። የዐሥረኛ «ለ» ኃላፊ ወደ ፊት ይውጣ ተባለ። ወልደአማኑኤል ወጣ፣ ተጨበጠ፣ አብዮታዊ ሰላምታ ሰጠ። ጓድ ፈቃደ ከኋላ ሆኖ፣ አየህ ለራስህ ብዬ ነው ያልኩህ በሚል ዓይን ጠቀሰው። አያንቱ ከሰልፉ መካከል ሆና አላጨበጨበችም። መሬት መሬት ታይ ነበር።

ግንቦት ሲጋመስ የፈተና ክለሳ ተጀመረ። የእርሻው ምዕራፍ ተራ ደረሰ። ግብርናን የሚወስኑት ነገሮች እንዲጠሩ ጠየቀና አያንቱን አስነሣት። አንድም ሳታስቀር ጠራች፤ ዝናቡን፣ አፈሩን፣ አቀማመጡን፣ ጉልበቱን፣ ገበያውን፣ መንገዱን፣ በመጨረሻም የመንግሥት ፖሊሲን። ጎበዝ አላት። አልተቀመጠችም።

«ቲቸር፣ ያኔ የመጡት አባባ… ያ ጉቶ ምን ነበር?» አለች። «ሲሄዱ ፊታቸውን አየሁት። ከዚያ ጀምሮ እያሰብኩት ነው።»

ወልደአማኑኤል ጠመኔውን ጨበጠ። የዚያን ቀን ጓድ ፈቃደ ከፍተኛው ዘንድ ስብሰባ ሄዶ ነበር። በሩ ዝግ ነው። ኮሪደሩ ላይ ሰው የለም። ልጆቹም አንዳቸው እንኳ አይስቁም፤ ሁሉም የዚያን ጉቶ ነጫጭ ጣቶች አይተዋል፣ ሁሉም መልሱን ይጠብቃል። የአባቱ ቃል በቅደም ተከተል ምላሱ ጫፍ ላይ መጣ፤ ለአራስ ይሆናል፣ ለተሰበረ ይሆናል፣ ፍሬንዱ ቀላ ይላል። የእናቱን ስም ጠርቶ መጀመር ብቻ ነበር የሚጠበቅበት።

«ለፈተና አይመጣም፣ አያንቱ» አለ። «ተቀመጪ።»

አያንቱ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላም በዚያ ዓመት እጇን አላወጣችም። እሱ ወደ ሰሌዳው ዞሮ የጻፈውን ከላይ ጀምሮ ማጥፋት ጀመረ፤ ደወል ሊደወል ስለሆነ የቀረውን ራሳችሁ አንብቡት አላቸው። ደወሉ ገና ሩብ ሰዓት ይቀረው ነበር።